ሺህ ምስል በአንድ ስልክ፦ ተንሸራታች የምስል ሰሌዳ እንዴት ይሠራል?

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ገለጻ በጽሑፍ የተወሰደ)



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሁላችሁም በእጅ ስልካችሁ የፎቶ ማኅደራችሁን ከፍታችሁ፣ በረድፍና በዓምድ የተደረደሩትን ትንንሽ ምስሎች በጣታችሁ ታንሸራትታላችሁ። ምስሎቹ ሺህ ቢሆኑም ሰሌዳው ያለ እንቅፋት ይፈስሳል። እኔም ለብዙ ጊዜ ጉዳዩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። ቁም ነገር መሆኑን ያስተማረኝ የራሴ ስሕተት ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ሆነን፣ የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፎችን በአንድሮይድ ስልክ ላይ የሚያሳይ መተግበሪያ ጀመርን። የእያንዳንዱ ቅጠል ፊትና ጀርባ ለየብቻ ፎቶ ተነሥቷል። ተመራማሪው ምስሎቹን በሦስት ዓምድ ተደርድረው ያያል፤ ከእያንዳንዱ ምስል ሥር የቅጠሉን ቁጥር ያነብባል፤ የሚፈልገውን ሲነካ ገጹ ጎልቶ ይከፈትለታል።

የመጀመሪያው ሙከራችን የየዋህ ሰው ሙከራ ነበር። ፎቶግራፎቹን እንዳሉ ጭነን ደረደርናቸው። መተግበሪያው ጥቂት ተንገታግቶ ተዘጋ። ለምን? ስሌቱን አብረን እንሥራ። አንዱ ፎቶግራፍ 3000 ፒክሰል ወርድና 4000 ፒክሰል ቁመት አለው፤ ይህም 12 ሚሊዮን ፒክሰል ነው። በፋይልነቱ ተጨምቆ ሲቀመጥ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ይይዛል። በስክሪን ላይ ለመታየት ግን መፈታት አለበት፤ ሲፈታ እያንዳንዱ ፒክሰል በተለመደው አሠራር 4 ባይት ይወስዳል። አንዱ ምስል 48 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ 15 ምስሎች ቢታዩ 720 ሜጋባይት ይደርሳሉ። ይህ ለአንድ መተግበሪያ እጅግ ከባድ ሸክም ነው።

መፍትሔው ከልክ ይጀምራል። የስክሪኑ ወርድ 1080 ፒክሰል ከሆነ፣ ለሦስት ሲከፈል ለአንዱ ምስል የሚደርሰው 360 ፒክሰል ነው። ታዲያ 3000 ፒክሰል ለምን እንፈታለን? አንድሮይድ የምስሉን መጠን ብቻ አስቀድሞ አንብቦ፣ ከዚያ በሚፈታበት ጊዜ ወርዱንም ቁመቱንም እንዲያሳንስ ማዘዝ ያስችላል። በ8 ስናሳንሰው ምስሉ 375 በ500 ይሆናል፤ ለሳጥኑ በቂ ነው። ክብደቱ ከ48 ሜጋባይት ወደ 0.75 ሜጋባይት ይወርዳል፤ 64 ጊዜ ቀለለ ማለት ነው። ሙሉው ምስል የሚፈታው ተጠቃሚው ገጹን ለማንበብ ሲከፍተው ብቻ ነው። የተሻለው ደግሞ ትንንሾቹን ምስሎች በሰርቨሩ ላይ አስቀድሞ አዘጋጅቶ መላክ ነው፤ ያን ጊዜ ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ቦታ ያለ ተመራማሪ የማያየውን ፒክሰል አይገዛም።

ሁለተኛው ጉዳይ የሳጥኖቹ ብዛት ነው። ለሺህ ምስል ሺህ ሳጥን መሥራት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2012 አፕል ያቀረበው ኮሌክሽን ቪውም ሆነ፣ በ2014 ለአንድሮይድ የመጣው ሪሳይክለር ቪው የቆሙት በዚህ አሳብ ላይ ነው። ለተማሪዎቼ የማስረዳው በረከቦት ነው። ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ጥቂት ናቸው፤ ጎረቤቱ ግን ብዙ ነው። ቀድሞ የጠጣው ሲኒውን ይመልሳል፤ ሲኒው ይለቀለቃል፤ ለሚቀጥለው እንግዳ ይቀዳበታል። በሰሌዳውም ላይ ከላይ ተንሸራትቶ ከዓይን የተሰወረው ሳጥን ይመለስና ከታች ለሚመጣው ምስል ያገለግላል። ሃያ ወይም ሠላሳ ሳጥን ሺህ ምስል ያስተናግዳል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ፣ ለአንዱ እድሳት ያለን ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። ምስል ከፋይል አንብቦ መፍታት በቀላሉ ከዚህ ይበልጣል። ያንን ሥራ፣ ስክሪኑን በሚሥለው ዋና የሥራ መስመር ላይ ካስቀመጥነው ሰሌዳው ይንገጫገጫል። ስለዚህ ምስል መፍታት ከበስተጀርባ ይሠራል፤ ሳጥኑ ባዶ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል፤ ምስሉ ሲደርስ ይለብሰዋል።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። መተግበሪያው ፈጠነ፤ ደስ አለን። በመዝሙረ ዳዊት ብራና ላይ እንዲሞክሩት አንድ አረጋዊ የኔታን ጋበዝን። ስልኩን ተቀብለው በፍጥነት አንሸራተቱ፣ ቆም አሉ፣ ቁጥሩንና ምስሉን ደጋግመው አዩ። «ልጄ፣ ይህ መዝሙር እዚህ ቦታ አይመጣም» አሉኝ። ዳዊትን በቃላቸው ያውቁታልና ቅደም ተከተሉ መዛባቱን ወዲያው ለዩት። እኔ ግን መልሴ ዝግጁ ነበር፦ «ፎቶ አንሺው ቁጥር አሳስቶ ይሆናል፣ የኔታ።» ለብዙ ቀናትም የፎቶዎቹን ቁጥር ስንመረምር ቆየን። ሁሉም ትክክል ነበር።

ጥፋቱ የእኛ ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው መፍትሔ ሲገናኙ የወለዱት ነው። አንድ ሳጥን የቅጠል 12ን ምስል ከበስተጀርባ ያዝዛል። ምስሉ ሳይደርስ ተጠቃሚው ያንሸራትታል፤ ሳጥኑ ተመልሶ ለቅጠል 47 ይሰጣል፤ ቁጥሩም ወዲያው ይቀየራል። የ47 ምስል ፈጥኖ ይደርስና ይለብሳል። ከዚያ የዘገየው የ12 ምስል ይመጣና የ47ን ሸፍኖ ይቀመጣል። ከሥሩ 47 ይነበባል፤ የሚታየው ግን 12 ነው። ሲኒው ሳይለቀለቅ የቀደመው እንግዳ ቡና ተቀላቀለበት።

እርማቱ ሦስት እርምጃ ነው። ሳጥኑ ለአዲስ ምስል ሲሰጥ በመጀመሪያ የቀድሞው ትእዛዝ ይሰረዛል፤ ቀጥሎ የቀድሞው ምስል ይጸዳል፤ በመጨረሻም የሚደርሰው ምስል መለያ፣ ሳጥኑ አሁን ከሚጠብቀው መለያ ጋር ይመሳከራል፤ ካልገጠመ ይጣላል። እንደ ግላይድና ኮይል ያሉ የታወቁ የምስል ጫኝ ቤተ መጻሕፍት ይህን ይሠሩልናል። እኛ ግን በራሳችን ጽፈን ስለ ነበር ማሰብ የነበረብን እኛው ነበርን።

ከዚህ ጋር አንድ የአሠራር ምክር ልጨምር። ስሕተቱ በእኛ ፈጣን ስልኮች ላይ አይታይም ነበር። የያዝነው ምስሎቹ በልዩ ልዩ መጠን ሆን ተብሎ እንዲዘገዩ ካደረግን በኋላ ነው፤ ያኔ ወዲያው ብቅ አለ። ስለዚህ ሰሌዳችሁን በጥሩ ስልክና በጥሩ ኔትወርክ ብቻ አትፈትኑት። አዘግዩት፣ አንሸራትቱት፣ ቁጥሩንና ምስሉን አመሳክሩ።

መተግበሪያ ሲዘጋ ጥፋቱ ይታያል፤ ተጠቃሚውም ይነግረናል። የተሳሳተ ምስል በትክክለኛ ቁጥር ሥር ሲቀመጥ ግን ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል። በዚያ ቀን ስልኩን የያዘው ዳዊትን በቃሉ የማያውቅ ወጣት ተመራማሪ ቢሆን ኖሮ፣ የቅጠሉን ቁጥር በማስታወሻው ይመዘግብ፣ በጥናቱ ይጠቅሰው ነበር፤ ሌላውም ከእርሱ ይወስደው ነበር።

እርማቱን ከጨረስን በኋላ ሁለት ቦታ ሄድኩ። የኔታ ዘንድ ሄጄ አመሰገንኳቸው፤ ፎቶ አንሺውን ደግሞ ይቅርታ ጠየቅኩት።