የእስክንድር ሥዕል በፍኖተ ሰላም ሳሎን

በምዕራብ ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ የብዙ ሳሎን ግድግዳ ይመሳሰላል። ከፍ ብሎ የእመቤታችን ወይም የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል፣ ጎን ለጎን የሠርግና የምረቃ ፎቶ፣ ከሶፋው በላይ ደግሞ ከገበያ የተገዛ ትልቅ የፏፏቴ ፖስተር። ፏፏቴው የየት አገር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በዚያ ቦታ የዘመናዊ ሠዓሊዎቻችን የእስክንድር ቦጎሲያን፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ወይም የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ታትሞ ቢሰቀልስ?

«ቅጂ ምን ዋጋ አለው?» የሚል አይጠፋም። የጥንቶቹ ሠዓሊዎቻችን ግን ቅጂን አልናቁም። እ.ኤ.አ. በ1600 አካባቢ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለውን የማርያም ሥዕል ቅጂዎች ይዘው መጡ። ሚስዮናውያኑን አፄ ፋሲል አባረሯቸው፤ አሣሣሉ ግን ቀረ። ሁለት ጣቷን ዘርግታ፣ መሐረብ ይዛ ልጇን የታቀፈችው እመቤታችን ከዚያ ወዲህ በአገርኛ ዓይንና በአገርኛ ቀለም ስትሣል ኖራለች። በጣና ገዳማትም ብዙው ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው።

ዘመናዊው ሥዕል ደግሞ ርቆ ነው ያለው። እስክንድር እ.ኤ.አ. በ1964 ከሣላቸው መካከል አንዱ በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሌላው ቁመቱም ወርዱም ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙ የማይርቀው ሥራው በኖርዝ ካሮላይና ይገኛል። የገብረ ክርስቶስን ለማየትም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው፣ በስሙ ወደተሰየመው ማዕከል መሄድ ያስፈልጋል። የአፈወርቅ የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ከቦታው አይነቀል። ለምዕራብ ጎጃም ሰው ያለ ቅጂ የሚደረስበት መንገድ ጠባብ ነው።

ቅጂ ማሳተም ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቴሌግራም ላይ በፎቶ መልክ የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ በፋይል መልክ የተላከው ግን እንዳለ ይደርሳል። 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጥሩ ኅትመት ለማውጣት የምስሉ ወርድ ቢያንስ 3500 ፒክሰል ገደማ ቢሆን ይመረጣል። የሚያብረቀርቅ ባነር መብራት እያንጸባረቀ ሥዕሉን ይጋርዳል፤ ካንቫስ ወይም የማያብረቀርቅ ወረቀት ይሻላል። የገብረ ክርስቶስ ድፍን ቀለም ያላቸው ረቂቅ ሥራዎች በኅትመት ብዙም አይጎዱም። የእስክንድር ግን የተለጠፈና የተደራረበ ነገር ስላለበት ጥልቀቱ ይቀንሳል፤ ይህን አውቆ መስቀል ነው። አባዝቶ መሸጥ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በኢትዮጵያ ሕግ የሠዓሊው መብት ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል።

ሥዕሉ ሲሰቀል ቀጥታ ፀሐይ ከሚመታው፣ ከእጣኑና ከከሰሉ ጭስ አጠገብ ካለው ግድግዳ መራቅ ይገባል። ክረምት እርጥበት የሚያወጣ የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ከፍሬሙ ጀርባ ጣት የምታስገባ ክፍተት ይተው፤ አየር ይግባበት። የቅዱሳኑ ሥዕል በምሥራቁ ግድግዳ እንዳለ ይቆይ። የፏፏቴው ፖስተር ሲወርድ በምስማሩ ላይ አዲሱ ይወጣል፤ ከሥሩ በትንሽ ወረቀት የሠዓሊው ስም፣ የተሣለበት ዓመትና ዋናው ሥዕል ያለበት ከተማ ይጻፍ።