በእግሩ የሚሄድ ውሃ

በውሃ ማፋሰሻ ንድፍ ሥራዬ ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። ከእንጦጦ ግርጌ ለተሠሩ ጥቂት ቤቶች ቀጥ ያለ የሲሚንቶ ድች ነድፌ ነበር። ስሌቱ ልክ፣ ተዳፋቱ ጥሩ፤ ግቢው ውስጥ ጠብታ ውሃ አያድርም። ሐምሌ ላይ ግን «ከታች ያለው ቤት ጎርፍ ገባ» ተባልኩና ስሄድ፣ እኚህ እናት ፍራሻቸውን አጥር ላይ አስጥተው አገኘኋቸው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይኼ ውሃ ድሮም በደጄ ያልፍ ነበር፤ በእግሩ ነበር የሚያልፈው። ዘንድሮ ሮጦ ገባ» አሉኝ።

ዝናቡ አልጨመረም። ቀድሞ ሣር ላይ የሚያርፈውን፣ አፈር ውስጥ የሚሰርገውን ውሃ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሰበሰቡት፤ የእኔ ድች ደግሞ አጣድፎ ላከው።

ከዚያ ወዲህ ከከተማዋ በስተምሥራቅ 24 ቤት ከሚሠራ ማኅበር ጋር ስንቀመጥ ሊቀ መንበሩ «ሰፊ ቱቦ ቅበርልንና ውሃው ቶሎ ይውጣልን» አሉ። አብረን እናስላው አልኳቸው። የእያንዳንዱ ቤት ጣሪያ 100 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ይሆናል። አንድ የክረምት ዶፍ 30 ሚሊ ሜትር ቢያወርድ ከጣሪያ ብቻ 72,000 ሊትር ይመጣል፤ ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ ሰባት ጊዜ እንደ መገልበጥ ነው። «ይህን ማን ደጅ እንገልብጠው?» አልኳቸው።

የሰፈሩ አፈር ጥቁር ነው። ለውሃ ማስረጊያ የሚሆን ጉድጓድ በበጋ ቆፍራችሁ ብትሞክሩ፣ ስንጥቁ ውሃውን ጠጥቶ ያታልላችኋል፤ ረጥቦ ሲያብጥ ግን ጥርቅም ይላል። መሠረት አጠገብ ካጠጣችሁት ደግሞ እያበጠና እየተኮማተረ ግድግዳ ይሰነጥቃል። በእንጦጦው ቀይ አፈር ማስረግ ይቻል ነበር። እዚህ የሚያዋጣው ይዞ ማቆየትና ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው።

ለየቤቱ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አሰብን፤ ወገቡ ላይ ቀጭን ማፍሰሻ ያለው። ከማፍሰሻው በታች ያለው ለልብስና ለሽንት ቤት ይቀመጣል፤ ከላይ ያለው በዝግታ ወጥቶ ለሚቀጥለው ዝናብ ቦታ ይለቃል። እንዲህ ካልሆነ ነሐሴ ላይ ሮቶው ሞልቶ ስለሚከርም ለጎርፍ አይፈይድም። በዚህ፣ ከየሮቶው የላይኛው ግማሽ፣ 24,000 ሊትር ያዝን። ለቀሪው 48,000 ሊትር የልጆቹን መጫወቻ ሜዳ ዝቅ አደረግነው፤ በ400 ካሬ ሜትር ላይ 12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የመንገዱንና የየግቢውን ውሃ ጨምረን ጥልቀቱን 30 ሳንቲ ሜትር አደረስነው።

ሊቀ መንበሩ ሳቁ። «ኢንጂነር፣ እኛ ቤት እንጂ ኩሬ መቼ ጠየቅን?» አሉ። ሜዳው ከዶፍ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ውሃ ይዞ በጠባብ ቱቦ እንደሚጠፈፍ፣ የቀረውን ጊዜ ኳስ እንደሚጫወቱበት አስረዳኋቸው።

ንድፉ ሲያልቅ ግን ሥራው አያልቅም። ባዶ ሃይላንድና ደለል ያችን ጠባብ ቱቦ ለመድፈን ጊዜ አይፈጅባቸውም። ግንቦት ላይ ማን እንደሚጠርግና በየትኛው ገንዘብ እንደሚጠረግ በመተዳደሪያ ደንቡ ካልሰፈረ፣ ሜዳው እውነትም ኩሬ ይሆናል። የሽንት ቤት ፍሳሽ ከዚህ መስመር ጋር ማገናኘት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ቤት ለመሥራት የተደራጃችሁ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፕላኑ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ቁልቁል ወርዳችሁ ውሃችሁ የሚደርስበትን ቤት አንኳኩ። ባለፈው ክረምት ምን እንደገባባቸው ጠይቋቸው።