አጭር ነህ ተብሎ የተመለሰው ልጅ

ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ የእንግሊዝ አገርን የእግር ኳስ ጨዋታ የሚመለከተው ወጣት ብዛቱ ከማንም የተሰወረ አይደለም። የተጫዋቾቹን ስም፣ የተገዙበትን ዋጋና ያገቡትን ጎል በቃሉ የሚያውቅ ተማሪም ሞልቷል። ነገር ግን እነዚህ ዝነኞች ወደዚያ ሜዳ በየትኛው መንገድ እንደ ደረሱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የጄሚ ቫርዲን ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብነውም ስለዚህ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጄሚ ቫርዲ የብረት ሥራ በታወቀባት በሸፊልድ ከተማ በ1987 ዓ.ም. ተወለደ። ገና በልጅነቱ ሸፊልድ ዌንስደይ በሚባለው የከተማው ታላቅ ቡድን የታዳጊዎች ክፍል ገብቶ ይሠለጥን ነበር። 16 ዓመት ሲሆነው ግን ቁመትህ አጭር ነው ተብሎ ተሰናበተ። የልብን ምኞት በአንድ ቀን ማጣት ምን እንደሚመስል ፈተና የወደቀ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የሚያሳዝነው ግን መራጮቹ የለኩት ቁመቱን እንጂ ፍጥነቱንና ወኔውን አለመሆኑ ነው። ቁመቱማ ቢሆን ከዚያ በኋላ አደገ።

እዚህ ላይ የእንግሊዝ አገር የኳስ ውድድር እንዴት እንደ ተደራጀ መግለጽ ያስፈልጋል። ውድድሩ ብዙ እርከን እንዳለው መሰላል ነው። በያንዳንዱ እርከን በዓመቱ መጨረሻ ብልጫ ያገኙት ቡድኖች አንድ ደረጃ ይወጣሉ፤ ወደ ኋላ የቀሩትም ይወርዳሉ። ከላይ ያሉት አራት እርከኖች ኳስን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ተጫዋቾች የሚገኙባቸው ናቸው። ከዚያ በታች ሲወረድ ግን ተጫዋቹ ብዙውን ጊዜ ቀን በሌላ ሥራ ውሎ ማታ ልምምድ የሚያደርግ ሠራተኛ ነው።

ቫርዲም ተጫውቶ ማደግ የጀመረው ከዚያው ከታች ነው። ስቶክስብሪጅ ፓርክ ስቲልስ በሚባል በስምንተኛው እርከን በሚገኝ ትንሽ ቡድን ገብቶ በሳምንት 30 ፓውንድ እየተከፈለው ሲጫወት፣ እንጀራውን የሚያገኘው ለሕመምተኞች መደገፊያ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በመጠጥ ቤት ደጃፍ በተነሣ ጠብ ሰው በመምታት ተከሶ ተፈረደበት። ቅጣቱም እግሩ ላይ መቆጣጠሪያ ታስሮበት በየምሽቱ ከቤቱ እንዳይወጣ ነበር። ጨዋታው ከከተማው ውጭ በሆነ ጊዜ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍበት ጨዋታው ሳያልቅ ከሜዳ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር። እኛ ይህን የምንጽፈው ጥፋቱን ለማሳመር አይደለም። የሰው ታሪክ ሲነገር ጥፋቱም አብሮ መነገር አለበት ብለን ስለምናምን ነው።

በ2010 ዓ.ም. ወደ ሃሊፋክስ ታውን ተዛወረና ቡድኑ በሰባተኛው እርከን አንደኛ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በአምስተኛው እርከን ወደሚጫወተው ፍሊትውድ ታውን ሄዶ በ36 የውድድር ጨዋታ 31 ጎል ሲያገባ፣ ይኸውም ቡድን አንደኛ ወጣ። በ2012 ዓ.ም. ሌስተር ሲቲ በአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ከአራቱ እርከኖች በታች ለሚጫወት ሰው ይህን ያህል ዋጋ ከዚያ በፊት ተከፍሎ አያውቅም ነበር።

ይሁን እንጂ ትልቅ ቦታ መድረስና በቦታው መጽናት አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ዓመት ያገባው የውድድር ጎል አራት ብቻ ሆነ። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንደሚባለው ተመልካቹም ተነሣበት፤ እርሱ ራሱ ኳስ መጫወትን ለመተው እስከ ማሰብ ደረሰ። አሠልጣኙ ሚስተር ናይጄል ፒርሰንና ረዳታቸው ሚስተር ክሬግ ሼክስፒር ግን መክረው አስቀሩት። በሁለተኛው ዓመት 16 ጎል አገባና ሌስተር ወደ መጀመሪያው እርከን ወጣ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። በ2015 ዓ.ም. በተከታታይ 11 ጨዋታዎች ጎል በማግባት ሩድ ቫን ኒስትልሮይ በፕሪሚየር ሊግ ይዞት የነበረውን የ10 ጨዋታ ክብር ወሰን ሰበረ። ውርርድ የሚያስይዙት ሰዎች ሌስተር ዋንጫውን ቢወስድ ለአንድ ፓውንድ አምስት ሺህ እንከፍላለን ብለው ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ሌስተር ዋንጫውን ወሰደ። በሳምንት 30 ፓውንድ ይከፈለው የነበረውም ሰው በ28 ዓመቱ ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። በ33 ዓመቱም በ23 ጎል የሊጉ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ። በግንቦት 2025 ዓ.ም. ሌስተርን ሲሰናበት 500ኛ ጨዋታውን ተጫውቶ 200ኛ ጎሉን አግብቶ ነበር። በዚያው ዓመት በ38 ዓመቱ ጣሊያን አገር ለሚገኘው ለክሬሞኔዜ ፈረመ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? የተናቀ ሁሉ አንድ ቀን ይከብራል የምንል ከሆነ አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። በታችኛው እርከን የቀሩት ከወጡት እጅግ ይበዛሉና። ቫርዲም ቢሆን በሁሉ ነገር ምሳሌ የሚሆን ሰው አይደለም። በ2015 ዓ.ም. አንድን የእስያ ሰው በዘሩ ሰድቦ በቡድኑ ተቀጥቷል፤ ይቅርታም ጠይቋል። እኛ ልናስተውለው የሚገባን ሌላ ነው። ሰውዬው በየደረጃው በተሰጠው ሜዳ ላይ፣ ትንሽ ነው ብሎ ሳይንቅ፣ ያለውን ሁሉ ሰጠ። መሰላሉም ከታች እስከ ላይ ክፍት ሆኖ ጠበቀው። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያውቅ ባልኖረ ነበር።

እንግዲህ በትምህርት ቤት ያላችሁ ወጣቶች፣ አንድ ፈተና የሰውን ልክ ጨርሶ አይናገርም። በየመሥሪያ ቤቱ በዝቅተኛ ደረጃ የተቀጠራችሁና ወደ ሩቅ ወረዳ የተመደባችሁም፣ ስምንተኛው እርከን ላይ ነን ብላችሁ ሥራውን በግዴለሽነት አትሥሩት። ከሁሉ ይልቅ ግን ነገ መራጮችና መዛኞች የምትሆኑት እናንተው መሆናችሁን አትርሱ። ሰውን ባሰናበታችሁ ጊዜ የለካችሁት ቁመቱን እንደ ሆነ ወይም ችሎታውን እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ቫርዲ ራሱ በታችኛው እርከን ለሚጫወቱ ሰዎች ዕድል የሚሰጥ ማሠልጠኛ በ2016 ዓ.ም. ማቋቋሙ፣ የወጣበትን መሰላል ለሌላው ማቆየቱ ነውና ከጎሎቹ ሁሉ ይልቅ ይህን ሥራውን እናመሰግንለታለን።