ለዓርብ ገበታ፦ የተጠበሰ ዓሣ በቂጣ

ከጅዳ ወደ መካ በአሮጌው መንገድ የሚጓዝ ሰው፣ መካ ሊደርስ 20 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ያለ ርቀት ሲቀረው ሹመይሲን ያገኛል። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ628፣ የሰላም ውል የተደረገበት ሑደይቢያ ይህ ሥፍራ ነው። በወገኖቻችን አንደበት ግን ሹመይሲ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ወደ አገር ቤት የሚመለሱ ሰዎች ተራቸውን የሚጠብቁበት ማቆያ ነው።

በዚህ መንገድ በሁለቱም ጫፍ ባሉት ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ ቤት የሚከራዩት በጋራ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ማድ ቤት ያበስላሉ፤ ሥጋ ሲመጣ ግን ገበታው ይለያያል። በአገራችን ልማድ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ዓርብ ደግሞ ለሙስሊሙ የጁሙዓ ቀን፣ ለኦርቶዶክሳዊው ጾም ነው። ዓሣ ሳይታረድ ሐላል መሆኑን አራቱም መዝሀቦች ይስማሙበታል። ከኦርቶዶክሳውያንም በጾም ዓሣ የሚመገቡ ብዙዎች ናቸው፤ ከዓሣም የሚታቀቡ ስላሉ ግን ጋባዥ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጃል።

ባለፈው ዓርብ በጅዳ የተጋበዝኩበት ቤት የቀረበው በሜክሲኮ ታኮ የሚባለው ምግብ ነበር። የዓሣ ታኮ በባሃ ካሊፎርኒያ ጠረፍ በምትገኘው ኤንሴናዳ ስመ ጥር ነው። ለዓረብ አገር ነዋሪም ባዕድ አይደለም፤ የሊባኖስ ስደተኞች ወደ ሜክሲኮ ይዘውት የሄዱት ሻዋርማ እዚያ «ታኮ አል ፓስቶር» ለሚባለው መነሻ ሆኗልና።

ከጅዳ የዓሣ ገበያ ናጅል ቢገኝ መልካም ነው፤ ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል። ሃሙር ወይም ሻዑር ይበቃል። አገር ቤት ላለ አንባቢ የጣና ወይም የሐዋሳ ቆሮሶ ይሆናል። ለአራት ሰው 700 ግራም እሾሁ የወጣለት ዓሣ በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ በ3 ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ በጥቂት ሚጥሚጣና ጨው ይታሻል። በሎሚ ውስጥ ከ20 ደቂቃ በላይ አይቆይ፤ ኮምጣጣው ሥጋውን እንደ እሳት ያበስለውና ሲጠበስ ይፈረካከሳል።

ፍርግርጉ በሚገባ ከጋለ በኋላ ዘይት ይቀባል። ዓሣውን ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ ያበላሸዋል፤ ሲበስል ከብረቱ ራሱ ይለቃል። ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ለሆነ ዓሣ በጠቅላላው 10 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ከሰል የሚነድደው በሰገነት ወይም በግቢ ብቻ ነው። በዝግ ክፍል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላልም። ግቢ ለሌለው የጋለ ብረት መጥበሻ ይሻለዋል።

ቂጣው ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። በሜክሲኮ በቆሎው በኖራ ውኃ ተቀቅሎ ስለሚፈጭ ቂጣው ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል። የእኛ የበቆሎ ዱቄት እንዲህ አይደለምና እኩል የስንዴ ዱቄት ይጨመርበታል፤ በሙቅ ውኃ ይቦካና ግማሽ ሰዓት አርፎ በስሱ ይጋገራል። እስኪቀርብም በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆያል። በላዩ በሎሚና በጨው የታሸ ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይደረጋል።

ማባያውን ብዙ ሰው በእርጎ ይሠራዋል። በዚያ ቤት ግን ጠሒና ነበር፤ እርጎ ጾመኛዋን ከገበታ ያስነሣታልና። ጠሒና ሎሚ ሲነካው መጀመሪያ ይጠጥራል፤ ሳይደነግጡ ቀዝቃዛ ውኃ ጠብ እያደረጉ ቢመቱት ነጭና ለስላሳ ይሆናል።

ከጁሙዓ ሰላት ስንመለስ ዓሣው ገና ጥሬ ነበር፤ እኔም ርቦኝ ነበር። ከተከራዮቹ አንዷ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። እርሷም ፍርግርጉን አንሥታ አየችና፣ «እትዬ፣ ይኼ ሥጋ ነክቶታል እንዴ?» አለች።

«የዓሣ ብቻ ነው፣ እናቴ። የሥጋው ያውልሽ፣ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል» አሉ በዕድሜ የሚልቁት የወሎ ሴት። 9 ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ከሰሉን አያያዙ።