አሻንጉሊቷ ስታለቅስ ልጁ ምን ይሠራል?

በጅጅጋ ከሕፃናትና ከወላጆቻቸው ጋር የምንሠራ ባለሙያዎች ደጋግመን የምንሰማው አንድ እምነት አለ፤ አሻንጉሊት እውነተኛ ሕፃን በመሰለች ቁጥር ልጅን ታስተምራለች የሚል። ከበርበራ ተነሥቶ በሐርጌሳና በቶጎ ውጫሌ በኩል ገበያችን የሚገባው ዕቃም ይህንኑ ያጠናክራል። ጡጦዋ ሲነሳ የምታለቅስ፣ ሆዷ ሲጫን የምትስቅ፣ «ማማ» የምትል አሻንጉሊት ዘመድ ከውጭ ሲመጣ የሚይዛት ስጦታ ሆናለች። አፉን ያልፈታ የሁለት ዓመት ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ደግሞ እንደ መድኃኒት ይገዟታል። «ታናግረዋለች» ይላሉ። አታናግረውም። ይህን መድገም ያደክማል፤ ነገር ግን እምነቱ ከአዲስ ዕቃ ጋር ሁሉ እየታደሰ ስለሚመጣ ምክንያቱን አንድ ጊዜ በዝርዝር መጻፍ ይሻላል።

ልጅ በመጀመሪያው ልደቱ አካባቢ ባዶ ስኒ አንሥቶ የጠጣ ያስመስላል። ወራት ቆይቶ ስኒውን ወደ አሻንጉሊቷ አፍ ያስጠጋል። ወደ ሁለት ዓመት ሲጠጋ ደግሞ ትልቁ ለውጥ ይመጣል፤ አሁን አሻንጉሊቷ ራሷ የምትጠማ፣ የምትተኛ፣ የሚያማት ትሆናለች። የሚያለቅስላት እሱ ነው፤ ለምን እንዳለቀሰች የሚወስነውም እሱ ነው። የሥነ ልቦና ምሁራኑ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሌቭ ቪጎትስኪም እ.ኤ.አ. በ1933 ባደረገው ንግግር ስለ ጨዋታ ሲያስረዱ በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ ዱላ ፈረስ የሚሆንበት ዕድሜ የአስተሳሰብ መታጠፊያ መሆኑን ግን ሁለቱም አይተዋል። ልጁ የሌለውን ነገር በአሳቡ አኑሮ ባለው ነገር ላይ ይጭነዋል። ቋንቋም የሚቆመው በዚሁ ችሎታ ላይ ነው። እንግዲህ ባትሪ ያላት አሻንጉሊት ምን ታደርጋለች? ልቅሶውን ራሷ ታለቅሰዋለች። የምታለቅስበትን ምክንያት ፋብሪካው ወስኖላታል፤ ጸጥ የምትልበትንም እንዲሁ። ልጁ ሊሠራው የነበረው ዋና ሥራ ተሠርቶ ይጠብቀዋል፤ የሚቀርለት ቁልፍ መጫን ነው። ተጭኖ ውጤቱን ማየት ግን ዓመት ያልሞላው ሕፃን የሚማረው ነገር ነው። ወላጅ ልጁ ደጋግሞ ሲጫን አይቶ «ገባው» ይላል። አዎን፣ ገብቶታል፤ የገባው ግን ዕቃው የሚሠራበት መንገድ ነው።

ይህ ከእኛ ቤት የራቀ ዕውቀት አይደለም። በከተማችን ፊት ያላት አሻንጉሊት ቤት መግባት የለባትም የሚሉ ቤተሰቦች አሉ፤ ፍርዱ የዑለማዎች ስለሆነ አልገባበትም። በሐዲስ መድብሉ በሱነን አቡ ዳዉድ የሚገኘውን የነቢዩ ሙሐመድን ባለቤት የእናታችንን የአዒሻን ዘገባ ግን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ከመጫወቻዎቿ መካከል ከጨርቅ ቁራጭ የተሠራ ሁለት ክንፍ ያለው ፈረስ ነበረ። ነቢዩ ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ብላ መለሰች፤ እሳቸውም ሳቁ። በዚህ ዘገባ ውስጥ ጨርቁ ምንም አያደርግም። ታሪኩን ከሰማችበት አምጥታ ጨርቁ ላይ ያኖረችው እሷ ናት፤ ትልቅ ሰው ጠየቃት፣ እሷም አስረዳች። እኛ የሕፃናት ባለሙያዎች ከአንድ መጫወቻ የምንፈልገው ሁሉ እዚህ አለ። ክንፉ በሞተር የሚርገበገብ ቢሆን ኖሮ የሚጠየቅ ነገር ምን ይቀር ነበር?

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጁዲ ደሎች እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ሙከራ ለዚህ ክርክር ከሁሉ የበለጠ የሚረዳ ይመስለኛል። ለልጆች የአንድ ክፍል ትንሽ አምሳያ ያሳዩና በውስጡ ትንሽ አሻንጉሊት ይደብቃሉ፤ ከዚያ ትልቁ አሻንጉሊት በትልቁ ክፍል እዚያው ቦታ ተደብቋል ይሏቸዋል። የሦስት ዓመት ልጆች በአብዛኛው አገኙት፤ የሁለት ዓመት ተኩል ልጆች በአብዛኛው አላገኙትም። ቀጥሎ የመጣው ግን ከዚህም ይልቃል። የሦስት ዓመቶቹ ከሙከራው በፊት በአምሳያው እንዲጫወቱ ሲፈቀድላቸው ውጤታቸው ወረደ፤ ለትንንሾቹ አምሳያው ከመስታወት ኋላ ሲቀመጥባቸው ውጤታቸው ተሻሻለ። አንድ ነገር በራሱ እጅግ ማራኪ ሲሆን ልጁ ዕቃውን ብቻ ያያል፤ ዕቃው የሚወክለው ነገር ይሰወርበታል። አሻንጉሊት ደግሞ ለልጅ ወኪል ናት፤ አንዴ ታናሽ ወንድሙን፣ አንዴ ራሱን ትሆንለታለች። የምታብለጨልጭና የምትዘፍን ስትሆን ግን ሁልጊዜ ያችው ዕቃ ናት።

ስለ አፍ መፍታት ደግሞ ተመራማሪዋ አና ሶሳ እ.ኤ.አ. በ2016 ጃማ ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 16 ወር የሆኑ ልጆች ያሏቸው 26 ቤተሰቦች በቤታቸው በሦስት ዓይነት ነገር ሲጫወቱ ድምፃቸው ተቀዳ፤ በኤሌክትሮኒክስ መጫወቻ፣ እንጨት ገጣጥሞ እንደ መሥራት ባለ ተራ መጫወቻ፣ እና በመጽሐፍ። በኤሌክትሮኒክሱ ጊዜ ወላጆች ያነሰ ቃል ተናገሩ፣ ለልጃቸውም ያነሰ መለሱ፤ ልጆቹም መጽሐፍ ይዘው ከነበሩበት ጊዜ ይልቅ ያነሰ ድምፅ አወጡ። ቤተሰቦቹ ጥቂት ናቸው፣ መጫወቻዎቹም አሻንጉሊት አልነበሩም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢ ተቃውሞ ነው። ምክንያቱ ግን ለአሻንጉሊትም የሚሠራ ነው፤ ዕቃው ሲናገር ሰው ዝም ይላል። በጅጅጋ ልጅ በቤቱ ሶማሊኛ፣ በመንደሩ አማርኛ፣ በቁርኣን ትምህርት ዐረብኛ ይሰማል። የቋንቋው ብዛት አይጎዳውም፤ ይህም ወላጆችን በከንቱ የሚያስጨንቅ ሌላ የተሳሳተ እምነት ነው። አፍ የሚያስፈታው ልጁ «ባ» ሲል «ባባ? ባባ ሱቅ ሄደ» ብሎ የሚመልስለት ሰው ነው። አሻንጉሊቷ ልጁ ምንም ቢል የምትለው ያንኑ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ በቤቱ ማንም በማይናገረው ቋንቋ።

እናቶች የሚያነሡት ተቃውሞ ከምሁራኑ ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ ወተት ወይም ጫት ስትሸጥ የምትውል እናት «ልጁን ለግማሽ ሰዓት ይያዝልኝ እንጂ ሌላ አልጠየቅኩም» ብትል ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድም። ግን ድምፅ የሌላት አሻንጉሊትም ያንኑ ግማሽ ሰዓት ትሰጣታለች፤ ባትሪ ያላት ስድስት ሰባት ነገር ብቻ ስለምታውቅ ቶሎ ትሰለቻለች። ሌሎች ደግሞ ታናሽ ሲወለድ ርኅራኄ ታስለምዳለች ይላሉ። አሻንጉሊት በዚህ ጊዜ ትጠቅማለች፤ የምትጠቅመው ግን ልጁ ቅናቱንም ፍቅሩንም እንደፈለገ ስለሚያወጣባት ነው። የምታለቅሰዋ አሻንጉሊት የምታስተምረው ሌላ ነገር ነው፤ ልቅሶ ሁሉ ጡጦ ሲገባ ይቆማል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እያሉ ቤት ለቤት በሚዞሩበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እውነተኛ ሕፃን አንዳንዴ ታዝሎም፣ እሹሩሩ ተብሎም፣ ጠብቶም ያለቅሳል።

እውነት መምሰል ብቻውን እንደማያስተምር የሚያሳይ ሌላ ማስረጃም አለ፤ ስለ ትልልቅ ልጆች ስለሆነ ወደ ሕፃናት በቀጥታ አይወሰድም። በምዕራብ አውስትራሊያ በ57 ትምህርት ቤቶች በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 15 ከሆኑ ሴት ልጆች ከፊሎቹ ሌሊት የሚያለቅስ ሰው ሠራሽ ሕፃን ቤታቸው ወስደው እንዲንከባከቡ ተደረገ፤ ዓላማው ያለ ዕድሜ እርግዝናን መቀነስ ነበር። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ውጤት፣ 20 ዓመት ሳይሞላቸው ያረገዙት በመርሐ ግብሩ ካለፉት 17 በመቶ፣ ካላለፉት 11 በመቶ ሆኑ። እጅግ እውነት የምትመስለው አሻንጉሊት የታሰበውን ትምህርት አላስተማረችም።

ከሁሉ ጀርባ ያለው የክብር ጉዳይ ይመስለኛል። የጨርቅ አሻንጉሊት ድህነትን፣ ባትሪ ያላት ደግሞ ዘመናዊነትን እንደምታሳይ ይቆጠራል፤ አንዳንድ መዋዕለ ሕፃናትም ለወላጅ ለማሳየት ሲሉ በመደርደሪያ ያስቀምጧታል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ለጤና ሠራተኞች ያዘጋጁት የሕፃናት ዕድገት ምክር የሚያዘው ግን በቤት ባለና በቤት በሚሠራ ነገር መጫወትን ነው፤ ጎድጓዳ ሳህን፣ ማንኪያ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት። በፋፋን ዞን ገጠር ከበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በእናቷ ሻል በጋርባሳር ጀርባዋ ላይ የምታዝል ልጅ ምንም አልጎደለባትም። የሚጎድላት «ልጅሽ ተኛች? ምን በላች?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ካጣች ነው።

አሻንጉሊቷ ተገዝታ ቤት ከገባች ባትሪዋን ማውጣት ይበቃል፤ ልጁ ጥቂት ቀን ይጠይቅ ይሆናል እንጂ ማልቀሱን ራሱ ይረከባታል። ትናንሾቹን ክብ ባትሪዎች በተመለከተ ግን ምርጫ የለም። ልጅ ከዋጣቸው በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ሊያቃጥሉ ስለሚችሉ፣ መክደኛው በብሎን ያልታሰረ አሻንጉሊት ልጅ እጅ መግባት የለባትም፤ መዋጡ ከተጠረጠረም ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ነው። ባትሪዋ እንዲቀር የምመክረው ለአንድ ዓይነት ልጅ ነው። በአንጎል ጉዳት ምክንያት እጁ የማይታዘዝለት፣ አሻንጉሊት ማዘልም ማጉረስም የማይችል ልጅ፣ በአንድ ትልቅ ቁልፍ ድምፅ ማሰማት ሲችል በዙሪያው ያለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ፈቃድ ያንቀሳቅሳል። ለእሱ ቁልፉ ያለፈው ትምህርት አይደለም፤ ከጎኑ የሚያናግረው ሰው እስካለ ድረስ ባትሪው ይቀመጥለት፣ ሲያልቅም ይለወጥለት።