እጩ መምህር በልምምድ ክፍል

መምህርነት መጽሐፍ በማንበብ ብቻ ተምረው የሚጨርሱት ሙያ አይደለም። ዋና ለመማር የሚፈልግ ሰው ስለ ውኃ ጠባይ የቱንም ያህል ቢነገረው፣ አንድ ቀን ወደ ውኃው መግባቱ አይቀርም። እንደዚሁም ሁሉ ለመምህርነት የሚሠለጥን ሰው ስለ ሕፃናት አእምሮ፣ ስለ ማስተማር ዘዴና ስለ ክፍል አያያዝ ከተማረ በኋላ፣ ያወቀውን በእውነተኛ ክፍል ውስጥ፣ በሕፃናት ፊት ቆሞ ሊፈትነው ይገባል። ይህም የማስተማር ልምምድ ይባላል። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ዋና የሚለማመደው ሰው ቢሳሳት የሚጎዳው ራሱ ነው፤ እጩ መምህር ሲሳሳት ግን ጉዳቱ የሚደርሰው በፊቱ በተቀመጡት ልጆች ላይ ነው። የማስተማር ልምምድ በጥንቃቄና በነባር መምህር ጥበቃ ሥር የሚካሄደውም ስለዚህ ነው።

በማስተማር ማስተማርን መማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ለጀማሪው ፊደል ያስቆጥር፣ ንባብ ያስጠና ነበር። እንዲህ ሲያደርግ የራሱ ዕውቀት ይጠነክራል፤ የማስተማሩንም ጥበብ ይለምዳል። የዘመናዊ ትምህርት ቤት መምህራንን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ግን የኢጣልያ ወረራ ካበቃ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ነው። ከዚያም በሐረር፣ በደብረ ብርሃን፣ በጅማና በሌሎችም ከተሞች የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያም እጩ መምህራን ከቀድሞው ይበልጥ ረዘም ያለ ጊዜ በትምህርት ቤቶች ውስጥ እንዲለማመዱ አድርጓል።

እጩው ወደ ልምምድ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት በማሠልጠኛው ውስጥ ጥቂት ይለማመዳል። በ1955 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ አንድ ዘዴ አለ፤ ይኸውም አንድ እጩ ለጥቂት ተማሪዎች ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ብቻ አስተምሮ፣ ጉድለቱ ከተነገረው በኋላ ያንኑ ትምህርት አርሞ እንደገና የሚያቀርብበት ነው። በብዙ ማሠልጠኛዎች የተማሪዎቹን ቦታ የሚይዙት የእጩው ጓደኞች ናቸው። ይህ ልምምድ ድምፅን ለማስተካከል፣ በሰሌዳ ላይ ቀጥ አድርጎ ለመጻፍና ጥያቄ ለማቅረብ ይጠቅማል። ነገር ግን ጓደኛ መልሱን እያወቀ ዝም ይላል እንጂ፣ እንደ ሕፃን ግራ አይገባውም። ሕፃኑ ግራ ሲገባው ምን እንደሚደረግ የሚታወቀው በእውነተኛው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

የእጩ መምህር እድገት ምን እንደሚመስል ለመረዳት፣ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሁለተኛ ክፍል የተመደበች አንዲት እጩ መምህርትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በክፍሉ ውስጥ ስድሳ ያህል ልጆች አሉ። በአንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። የክፍሉ ኀላፊ የሆኑት ነባር መምህር ብዙ ዘመን ያስተማሩ ሰው ናቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዋ መመልከት ነው። ከኋላ ተቀምጣ ነባሩ መምህር የሚሠሩትን ሁሉ በማስታወሻዋ ላይ ትጽፋለች፤ ትምህርቱን በምን እንደ ጀመሩ፣ ሰሌዳውን እንዴት እንደ ከፈሉት፣ ሲንጫጩ ልጆቹን በምን ዝም እንዳሰኙ ትመዘግባለች። መምህሩ ማስታወሻዋን ካነበቡ በኋላ «የጻፍሽው ሁሉ ስለ እኔ ነው፤ ነገ ደግሞ ሦስት ልጆች መርጠሽ እነሱን ብቻ ተመልከቺ» ይሏታል። በማግሥቱ ከመረጠቻቸው ሦስት ልጆች መካከል አንዱ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አንድ ቃል ሳይተነፍስ መዋሉን ታያለች። ከመምህሩ አፍ የሚወጣውና ከልጁ ጆሮ የሚደርሰው አንድ እንዳልሆነ መገንዘብ የሙያው የመጀመሪያ ደረጃ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የራሷን ትምህርት ታቀርባለች። ለዚህም የዕለት የትምህርት ዕቅድ ታዘጋጃለች። ዕቅዱ የትምህርቱን ዓላማ፣ መግቢያውን፣ ዋናውን አቀራረብ፣ ማጠቃለያውንና ልጆቹ መረዳታቸው የሚመዘንበትን ጥያቄ የያዘ ነው። ሌሊቱን ስታጠና አድራለች፤ ክፍል ገብታ ሰሌዳው ፊት ስትቆም ግን እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ጠመኔው ይሰበርባታል። ለአርባ ደቂቃ ያሰናዳችውን ትምህርት በሃያ ደቂቃ ትጨርሰዋለች። የቀረውንም ጊዜ በምን እንደምታሳልፈው ይጨንቃታል።

ይህ በእሷ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ፍራንሲስ ፉለር የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1961 ዓ.ም. ባቀረቡት ጽሑፍ፣ የጀማሪ መምህር አሳብ በመጀመሪያ ወደ ራሱ እንደሚያዘነብል አመልክተዋል። «ልጆቹ ይወዱኝ ይሆን? ተቆጣጣሪው ምን ይለኝ ይሆን?» እያለ ይጨነቃል። ቀጥሎ አሳቡ ወደ ሥራው ይዞራል፤ ዕቅዱ፣ ሰዓቱ፣ የትምህርት መሣሪያው ያሳስበዋል። በመጨረሻም «ልጆቹ በእርግጥ ተማሩን?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። የእጩ መምህር እድገት እንግዲህ በአጭሩ ይህ ነው፤ ከራስ ወደ ሥራ፣ ከሥራም ወደ ልጁ የሚደረግ ጉዞ።

እጩዋ ወደዚህ ጉዞ የምትገባው በአንድ የንባብ ክፍለ ጊዜ ነው። አጭር ምንባብ አስነበበች። እሷ አንድ ዐረፍተ ነገር ታነባለች፤ ልጆቹም በአንድ ድምፅ ይከተሏታል። ክፍሉ አስተጋባ፤ ሁሉም ያነባል። ደስ ብሏት ወደ ነባሩ መምህር ዞር አለች። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ተነሡና ከምንባቡ ውስጥ ዐሥር ቃላት መርጠው፣ ቅደም ተከተላቸውን አዘበራርቀው በሰሌዳው ላይ ጻፉ። ከዚያም ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠሩ አስነበቡ። ጥቂቶቹ አነበቡ። ብዙዎቹ ግን ሰሌዳውን ሳይሆን የጓደኞቻቸውን አፍ ተመለከቱ። ምንባቡን በጆሯቸው ሰምተው በቃላቸው ያዙት እንጂ በዓይናቸው አላነበቡትም ነበር።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በስምንት ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችል ቀርቷል። ልጅ በዚህ ዕድሜው ንባብ ካመለጠው፣ ሳይንሱም ሆነ ታሪኩ፣ በመጽሐፍ የተጻፈው ሁሉ ይዘጋበታል። የኅብረት ንባብ ለማለማመድ ይረዳል፤ ነገር ግን ማንበብ የማይችለውን ልጅ በብዙ ድምፅ መካከል ይሸሽገዋል።

በዚያች ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሁለቱ መምህራን ተቀምጠው የልጆቹን ስሕተት ይመረምራሉ። የአማርኛ ፊደል ሠላሳ ሦስት ዋና ዋና ፊደላት ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት መልክ ስላለው በጠቅላላው 231 ይሆናል። ከሠላሳ ሦስቱ ሃያ ስድስቱ ከግእዝ የመጡ ናቸው። ሰባቱ፣ ማለትም ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ፣ በሰ፣ በተ፣ በነ፣ በከ፣ በዘ፣ በደ እና በጠ ላይ ምልክት በመጨመር የተገኙ ናቸው። ልጆቹም በብዛት የሚሳሳቱት በእነዚሁ መንትያ ፊደላት ላይ ሆኖ ተገኘ። «ሸማ» የሚለውን «ሰማ» ብለው ያነባሉ። እጩዋ ይህን ከተረዳች በኋላ መንትያ ፊደላቱን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈች። «ሰማ» ከሚለው ጎን የጆሮ፣ «ሸማ» ከሚለው ጎን የኩታ ሥዕል አደረገች። ሦስት ሦስት ልጆችም እየተፈራረቁ እንዲለዩ አደረገች። ለስድሳው ልጅ በሙሉ በአንድ ጊዜ ከመጮህ ይልቅ፣ ስሕተቱ የት እንዳለ ዐውቆ እዚያው ላይ መሥራት የበለጠ እንደሚረዳ ያን ጊዜ አወቀች።

ሁለተኛው ትምህርቷ ስለ ጥያቄ አጠያየቅ ነው። ነባሩ መምህር አንድ ቀን ሰዓታቸውን ይዘው፣ ጥያቄ ከጠየቀች በኋላ መልስ እስክትፈልግ ድረስ ምን ያህል እንደምትቆይ ለኩ። አንድ ሰከንድ እንኳ አትሞላም ነበር። ፈጥኖ እጁን ያላወጣውን ልጅ አልፋ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ ወይም ራሷ ትመልሰዋለች። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪም በ1960ዎቹ ዓ.ም. ባወጧቸው ጥናቶች ይህንኑ አሳይተዋል። መምህራን በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ነው፤ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ «አላውቅም» የሚሉትም ይቀንሳሉ። ሦስት ሰከንድ ለተቀመጠ ሰው ምንም አይደለም። በሕፃናት ፊት ለቆመ ጀማሪ ግን ዝምታው እንደ አንድ ሰዓት ይረዝማል። እጩዋ በልቧ እስከ ሦስት እየቆጠረች መታገሥን ለመደች። አንድ ቀንም ያ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ያለው ልጅ ከረጅም ዝምታ በኋላ መለሰ።

ሦስተኛው ትምህርት የመጣው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ከ32 ላይ 17 ሲቀነስ ስንት ይቀራል የሚል ጥያቄ ሰጥታ ደብተሮችን ስታርም፣ ብዙ ልጆች 25 ብለው ጽፈው አገኘች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢሆን ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ የስሕተት ምልክት አድርጋ ታልፍ ነበር። አሁን ግን አንዷን ልጅ ጠርታ «እስቲ እንዴት እንደሠራሽው ንገሪኝ» አለቻት። ልጅቱም «እትዬ፣ ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስም፤ ስለዚህ ከ7 ላይ 2 ቀነስሁ፣ 5 ቀረኝ፤ ከ3 ላይ ደግሞ 1 ቀነስሁ፣ 2 ቀረኝ» ብላ መለሰች።

ልጅቱ የሰነፍ ሥራ አልሠራችም፤ አንድ ሕግ ይዛ እስከ መጨረሻው ተከትላለች። ያልገባት ነገር ቢኖር በዐሥር ቤት ያለው 3 ሦስት ሳይሆን ሠላሳ መሆኑ ነው። እጩዋ በማግሥቱ ቀጫጭን እንጨቶች ሰብስባ ዐሥር ዐሥሩን በአንድነት አሰረች። ሦስት እስርና ሁለት ነጠላ እንጨት ሠላሳ ሁለት ይሆናል። ልጅቱ ሰባት ነጠላ እንጨት እንድታነሣ ስትጠየቅ ያላት ሁለት ብቻ ሆነ። ጥቂት አሰበችና ከሦስቱ እስር አንዱን ፈታችው። አሁን ዐሥራ ሁለት ነጠላ አላት፤ ሰባት ስታነሣ አምስት ቀረ። ከቀሩት ሁለት እስሮች አንዱን ስታነሣ አንድ እስር ቀረ። መልሱ 15 ሆነ። «ከጎረቤት መበደር» የሚባለው የሒሳብ አነጋገር በልጅቱ እጅ ላይ ትርጉም አገኘ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እጩዋ ትችት መቀበልንም ተምራለች። በመጀመሪያ ነባሩ መምህር ጉድለቷን ሲነግሯት ፊቷ ይለዋወጥ ነበር። ኋላ ግን ራሷ ጉድለቷን እየጠቀሰች የምትጠይቅ ሆነች። ጥሩ ተችም ቢሆን ጉድለትን ብቻ አይቆጥርም፤ የተሠራውን መልካም ሥራ ይነግራል፤ ከዚያም ለነገ የሚታረም አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ ያመለክታል። ዐሥር ጉድለት በአንድ ቀን የተነገረው ጀማሪ አንዱንም አያርምም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለእጩ መምህርም ይሠራል።

እንግዲህ የልምምዱ ጊዜ ሲያበቃ እጩዋ ሁሉን ዐዋቂ ሆና አትወጣም። ክፍሉ አሁንም ስድሳ ልጅ አለበት፤ ሁሉም አንባቢ አልሆነም። ነገር ግን የምትጠይቀው ጥያቄ ተለውጧል። ቀድሞ ከክፍል ስትወጣ «እንዴት አስተማርሁ?» ትል ነበር፤ አሁን «ማን ተማረ? ማንስ ቀረ?» ትላለች። ይህን ጥያቄ በየቀኑ የሚጠይቅ ሰው የምስክር ወረቀቱን ከተቀበለ በኋላም መማሩን አያቆምም፤ በእጁ የሚያልፉት ልጆችም በብዙ ድምፅ መካከል ተሸሽገው አይቀሩም።

መልመጃ

ሀ. ከምንባቡ በመነሣት ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. የማስተማር ልምምድ ከዋና ልምምድ የሚለየው በምንድን ነው?
2. ልጆቹ በአንድ ድምፅ ማንበባቸው እጩ መምህርቷን ያሳሳታት እንዴት ነው?
3. ከ32 ላይ 17 ስትቀንስ 25 ያገኘችው ልጅ «የሰነፍ ሥራ አልሠራችም» የተባለው ለምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።
እጩ፣ ነባር፣ ትችት፣ ያዘነብላል፣ አዘበራረቀ፣ በቃል መያዝ

ሐ. በልጅነታችሁ ንባብ ወይም ሒሳብ ስትማሩ ያስቸገራችሁን አንድ ነገርና በማን ርዳታ እንደ ተረዳችሁት በሁለት አንቀጽ ጻፉ።