ላምባው የት ይቀመጥ?
በሬዲዮ ስለምትመራው ትንሽ ጄትና ስለ ሰልባትዮዋ

ኩራዝ የማያውቅ የጎጃም ተማሪ የለም ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። ኤሌክትሪክ ባልገባበት አገር ዳዊት የተደገመበት፣ ልጆችም ትምህርታቸውን ያጠኑበት ይህ ትንሽ የቆርቆሮ ዕቃ ሦስት ነገሮችን አጣምሮ የያዘ ነው። ላምባ የሚጠራቀምበት ሆድ አለው፤ ላምባውን ወደ ላይ የሚስብ ክር አለው፤ ከሆዱ በጎደለው ላምባ ፈንታ አየር ሾልኮ የሚገባበት ጥቂት ክፍተትም አለው። እነዚህን ሦስት ነገሮች በሚገባ የተረዳ ሰው ነዳጅ በጄት አይሮፕላን ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ለማወቅ ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ጄት የሚያቃጥለው ነዳጅ ራሱ ከላምባ ወገን ነውና።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ግን ሰው ስለሚሳፈርበት ትልቅ ጄት ብቻ አይደለም። ባለቤቱ መሬት ላይ ቆሞ በሬዲዮ ስለሚመራው፣ ቁመቱ 2 ሜትር ያህል ስለሚሆነው፣ ነገር ግን እውነተኛ የጄት ሞተር ስላለው ትንሽ አይሮፕላን ነው። እንዲህ ያሉት ሞተሮች ታሪካቸው ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ኩርት ሽሬክሊንግ የተባለ ጀርመናዊ በቤቱ በሠራው ትንሽ የጄት ሞተር ላይ አየር የሚጨምቀውን መንኰራኩር ከእንጨት ቀርጾ፣ በካርቦን ክር አጠንክሮ ማዞር በመቻሉ ብዙ ሰዎች ተደነቁ። ዛሬ በፋብሪካ የሚሠሩት ትንንሽ ሞተሮች በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራሉ። ዋጋቸው ግን ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው።

ሞተሩን ከፋብሪካ መግዛት ይቻላል። ባለ ጋራዦች ሰልባትዮ የሚሉትን የነዳጅ ማጠራቀሚያ ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ በልክ መሥራት ይኖርበታል። ምክንያቱም በትንሿ ጄት ሆድ ውስጥ አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ሰፊ ቧንቧ በመካከል ያልፋል፤ የሚታጠፉት መንኰራኩሮች፣ ባትሪዎቹና የሬዲዮው መቀበያም ቦታቸውን ይይዛሉ። ለነዳጁ የሚተርፈው በቧንቧው ግራና ቀኝ ያለው ጠባብ፣ ጎባጣ ሥፍራ ነው። ከገበያ የተገዛው አራት ማዕዘን ዕቃ በዚያ አይገባም። እንግዲህ ልብስ በሰውነት ልክ እንደሚሰፋ ሁሉ ሰልባትዮውም በአይሮፕላኑ ሆድ ልክ ይሠራል።

የጭነት ሚዛን

10 ኪሎ ያህል የመግፋት ኃይል ያለው ትንሽ የጄት ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በደቂቃ ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር ነዳጅ ይጨርሳል። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ በረራ ብቻ 3 ሊትር ያህል መያዝ ግድ ይሆናል። አንድ ሊትር ላምባ 800 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 3 ሊትሩ 2 ኪሎ ከ400 ግራም ነው።

አጋሰስ የጫነ ነጋዴ ግራና ቀኙን ካላስተካከለ ጭነቱ ከመንገድ ላይ እንደሚዞርበት ያውቃል። የአይሮፕላን ጭነት ደግሞ ከዚህ የባሰ ችግር አለበት፤ በመንገድ ላይ ይጎድላልና። ነዳጅ የሌለባት አይሮፕላን 12 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። 2 ኪሎ ከ400 ግራሙን ነዳጅ ከሚዛን ነጥቧ 20 ሳንቲ ሜትር ፊት ብናስቀምጠው፣ ሰልባትዮው ሲሞላ የሚዛን ነጥቡ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ፊት ይሄዳል። ነዳጁ እያለቀ ሲሄድም ይመለሳል። አብራሪው ሲነሣ አንድ ዓይነት አይሮፕላን፣ ሲያርፍ ሌላ ዓይነት አይሮፕላን ይዞ ይገኛል ማለት ነው።

አፍንጫዋ የከበደ አይሮፕላን ለመነሣትና ቀና ለማለት ትለግማለች፤ ጅራቷ የከበደ ግን ጨርሳ አትታዘዝም፤ ተገልብጣ ትወድቃለች። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ ሰልባትዮውን በሚዛን ነጥቡ ላይ፣ ይህ ካልተቻለው ከነጥቡ ጥቂት ፊት ያደርገዋል እንጂ ወደ ኋላ አያሸሸውም። ሚዛኑንም የሚለካው ትልቁ ሰልባትዮ ባዶ ሳለ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ሰልባትዮ ሲኖርም ሁለቱ እኩል እንዲጎድሉ ቱቦዎቻቸው በርዝመትም በስፋትም እኩል መሆን አለባቸው።

የአየር አረፋ ጠላትነት

ጠጅ የሞላበትን ብርሌ ድንገት የገለበጠ ሰው ጠጁ በአንድ ጊዜ እንደማይወርድ፣ እየተንተከተከ እንደሚፈስ አይቷል። አየር የሚገባበት ሌላ በር ስለሌለው ጠጁና አየሩ በአንዲት ቀጭን አንገት ይጋፋሉ። ሰልባትዮም እንዲሁ ነው። ፓምፑ ነዳጁን ሲስብ በጎደለው ምትክ አየር ካልገባ ነዳጁ መምጣቱን ይተዋል፤ ዕቃው ስስ ከሆነም ወደ ውስጥ ይጨመደዳል። ስለዚህ ከሰልባትዮው ጣራ ተነሥቶ በአይሮፕላኑ ሆድ ሥር የሚወጣ የአየር ማስገቢያ ቱቦ ይደረግለታል። በጉዞ ጊዜ ነዳጁ እንዳይፈስ በዚህ ቱቦ አፍ ላይ የተደረገው ውታፍ ከበረራ በፊት ሳይነቀል ቢቀር የብዙ ወር ድካም በጥቂት ደቂቃ ይጠፋል።

ሁለተኛው ችግር አይሮፕላን እንደ በቅሎ ቀጥ ብሎ የማይሄድ መሆኑ ነው። ይዞራል፣ ይገለበጣል፣ ሽቅብ ይወጣል። ነዳጁም በየጊዜው ወደ ሌላ ግድግዳ ይሸሻል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነው። በውስጥ ያለው መሳቢያ ቱቦ ለስላሳ ይሆንና በጫፉ ላይ ትንሽ ክብደት ይታሰርበታል። ነዳጁ በወደቀበት ክብደቱም አብሮ ይወድቃል። ቱቦው የኋላውን ግድግዳ እንዳይነካና በማዕዘን ተቀርቅሮ እንዳይቀር በጥንቃቄ በልክ መቆረጥ አለበት። አንዳንዶቹ በክብደቱ ላይ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ያለብሱታል። ጨርቁ ነዳጅ እስከ ጠጣ ድረስ ነዳጅን ያሳልፋል፣ አየርን ግን ይከለክላል። ይህ የኩራዙ ክር ዘመድ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

ይህን ያህል መጨነቅ ያስፈለገው ስለ ምንድን ነው ቢሉ፣ የጄት ሞተር እንደ መኪና ሞተር ተንተፋትፎ የሚቀጥል ባለመሆኑ ነው። እሳቱ ያለማቋረጥ የሚነድ ስለሆነ አንድ ትልቅ የአየር አረፋ በነዳጁ ቦታ ከገባ እሳቱ ይጠፋል። ስለዚህ ከትልቁ ሰልባትዮና ከፓምፑ መካከል ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ የሚቆይ አንድ ትንሽ ሰልባትዮ ይጨመራል። ከትልቁ አምልጦ የመጣው አረፋ በዚህ ውስጥ ወደ ላይ ተንሳፎ ይቀራል፤ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጥሩው ነዳጅ ብቻ ይሆናል።

አሠራሩ

በደብረ ማርቆስ ገበያ ኩራዝ የሚበይድ ቆርቆሮ ሠሪ ሰልባትዮም ለመሥራት የሚያስችል እጅ አለው። ስስ ቆርቆሮ ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ በእርሳስ ሲበየድ ጥሩ ሰልባትዮ ይወጣዋል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ጎባጣ ቅርጽም እንደ ልብ አይሰጥም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሠሪዎች የመስተዋት ክር ጨርቅና ኢፖክሲ የሚባለውን ማጣበቂያ ይመርጣሉ። በመጀመሪያ ዕቃ ከሚታሸግበት ነጭ ፎም የሥፍራው ቅርጽ ይቀረጻል። በላዩ ጨርቁ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተደራረበ በማጣበቂያው ይለበጣል። ሲደርቅ በቀዳዳው አሴቶን ቢፈስበት ፎሙ ሟሙቶ ይወጣና ስስ፣ ቀላልና ጠንካራ ቅርፊት ይቀራል።

ረጅም ሰልባትዮ ከሆነ በመካከሉ ቀዳዳ ያለው መጋረጃ ይደረግበታል። የጎደለ እንስራ የተሸከመች ሴት ውኃው እየተላጋ እንደሚያንገዳግዳት፣ የተጋመሰ ሰልባትዮም አይሮፕላኑን ያንገዳግዳልና። ለቱቦውም ምርጫ አለው። በአልኮል ነዳጅ ለሚሠሩ ትንንሽ ሞተሮች የሚያገለግለው የሲሊኮን ቱቦ ላምባ ሲነካው ያብጣል፤ ስለዚህ ለላምባ ተብሎ የተሠራ ቱቦ ያስፈልጋል። በነዳጁም ውስጥ ከመቶ 5 እጅ ያህል ልዩ የተርባይን ዘይት ይጨመራል፤ በትንሽ ሞተር ውስጥ ኩሽኔታዎቹን የሚያለሰልሰው ይኸው ከነዳጁ ጋር የሚመጣ ዘይት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሰልባትዮው በውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ተነክሮ በአፍ ቀስ ተብሎ ይነፋበታል። አረፋ የወጣበት ቦታ ሽንቁር አለበት። ከዚያም በመለኪያ ውኃ እየሞሉ ስንት እንደሚይዝ ይመዘግቡና ፈጽሞ እስኪደርቅ ያሰነብቱታል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ መታወቅ አለበት። አንድ ጊዜ ነዳጅ የገባበትን ሰልባትዮ በእሳት መበየድ ሕይወትን ያሳጣል። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን እንፋሎቱ ስለሆነ ባዶ የሚመስለው ዕቃ ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1996 ከኒው ዮርክ የተነሣው የቲ.ደብሊው.ኤ. 800 በረራ በአየር ላይ ሲፈነዳ 230 ሰዎች አልቀዋል። መርማሪዎቹ የደረሱበት ምክንያት ባዶ ሊሆን ጥቂት በቀረው የመካከል ሰልባትዮ ውስጥ የነበረው እንፋሎት መቀጣጠሉ ነው።

በደጋ አየር

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ክንፍ የሚደገፍበት አየር ሲሳሳ አይሮፕላን ለመነሣት ከ100 ውስጥ 13 ያህል የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል። በሁለቱም ምክንያት መንደርደሪያው በጣም ይረዝማል። ስለዚህ በቆላ አገር ምንም የማይመስል 300 ግራም ትርፍ ሰልባትዮ በደጋ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው አይሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አገር ውስጥ ተሠርታ የበረረችው «ፀሐይ» ስትነሣ፣ ሁሉም የታገሉት ከዚሁ ስስ አየር ጋር ነው። «ፀሐይ» በጣሊያኖች ተወስዳ ከብዙ ዘመን በኋላ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720ቢ የተባሉትን የመጀመሪያዎቹን ጄቶች ሲያስመጣ የልደታው ሜዳ ስላልበቃ ረጅሙ የቦሌ ማኮብኮቢያ አስፈልጓል።

የሚይዘውና የያዘው

ስለ ሰልባትዮ ሲነገር ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የሆነው ነገር ሊረሳ አይገባውም። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ 961 በረራ ሦስት ጠላፊዎች ያዙትና ወደ አውስትራሊያ እንዲሄድ አስገደዱ። አይሮፕላኑ ቦይንግ 767 ነበር። ጠላፊዎቹ ይህ ዓይነት አይሮፕላን ያለማቋረጥ 11 ሰዓት ለመብረር እንደሚችል ከአየር መንገዱ መጽሔት አንብበው ነበር። ካፒቴን ልዑል አባተ ግን የተቀዳው ነዳጅ እስከ ናይሮቢ ለሚደረገው ጉዞና ለመጠባበቂያው ያህል ብቻ መሆኑን ደጋግሞ ነገራቸው። አልሰሙትም። ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ አይሮፕላኑ በኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ከባሕር ላይ ወደቀ። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ካፒቴኑ ሞተር በሌለው አይሮፕላን ወደ ጠረፍ ተጠግቶ በባሕሩ ላይ ለማሳረፍ በመታገሉ 50 ሰዎች ተረፉ።

ጠላፊዎቹ ያነበቡት ቁጥር ስለ ሰልባትዮው እውነት ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ቀን በውስጡ ስለነበረው ነዳጅ ግን አንዳች አይናገርም። ዕቃው ሊይዝ የሚችለውና አሁን የያዘው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ለትልቁ እንደሚሠራ ለትንሿም ይሠራል። ስለዚህ የሞዴል አብራሪዎች በመቈጣጠሪያቸው ላይ የሰዓት ደወል ያደርጋሉ፤ ከነዳጁም ከአምስት አንድ እጅ ያህል ሳይነካ ያርፋሉ።

ለማብረር ሳይሆን ለመማር

14 ኪሎ የሚመዝን፣ ላምባ የተሸከመና የጋለ ሞተር ያለው ነገር በኅዳር ወር በጤፍ ክምር ላይ ቢወድቅ የሚያደርሰው ጥፋት ግልጽ ነው። በሬዲዮ የሚመራ አይሮፕላን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማብረርም አይገባም። ይልቁንም በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ውጊያ ድሮን ከሰማይ ሲመታ ያየ ሕዝብ ስላለ፣ ሰማዩ ላይ የሚያፏጭ ነገር ለገበሬው መጫወቻ መስሎ አይታየውም።

ነገር ግን ዕውቀቱ ለመማር ሰማይ አይጠይቅም። ሁለት የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሁለት ክንድ ቀጭን ቱቦና አንዲት ዳዶ ይበቃሉ። ዳዶዋን በመሳቢያው ቱቦ ጫፍ አስሮ በጠርሙሱ ውስጥ መክተት፣ በክዳኑ በኩል ሌላ የአየር ቱቦ ማስገባት፣ ቀለም በነካው ውኃ ሞልቶ መሳብ ነው። ጠርሙሱን ወደ ጎን ቢያጋድሉት ዳዶዋ ውኃውን ተከትላ ትሄዳለች። የአየሩን ቱቦ በጣት ቢደፍኑት ጠርሙሱ ይጨመደዳል። ሁለተኛውን ጠርሙስ በመካከል ቢያስገቡት አረፋው በዚያ ሲቀር በዓይን ይታያል። ይህን በትምህርት ቤት ጠረጴዛም ሆነ ከቢሮ መልስ በቤት ማንም ሊሠራው ይችላል። ወጪውም ከአንድ ምሳ አይበልጥም።